ሚክያስን ያስጾምሁበት ፍልሰታ

ባለፈው ዐቢይ ጾም እኩሌታ ላይ ትልቋ ልጄ ከጤና ጣቢያ በትንሽ ጠርሙስ ቀይ ኪኒን ይዛ መጣች። ደምሽ አንሷል ብለዋታል። ክዳኑን ከፍቼ አሸተትሁት፤ ዝናብ ላይ ያደረ ምስማር ይሸታል። ሳላስበው፣

"ከዛሬ ጀምሮ ጾም የለም። እንቁላል ትበያለሽ" አልኋት።

ልጅቷ ደነገጠች። በእኛ ቤት ጾም የሚያፈርስ ሰው ከገበታ ይነሣል፤ ሕጉን ያወጣሁትም እኔ ነኝ።

"አባዬ፣ አንተ አይደለህ እንዴ በሰባት ዓመቴ ያስጾምኸኝ?"

"ብዪ አልሁሽ!" ብዬ ጮኽሁባትና ወደ ጓሮ ወጣሁ። በእርሷ የተቆጣሁ መስሏታል። የተቆጣሁት በአንድ የዐሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበር፤ ልጁም እኔ ነኝ።

ትምህርቴን ከስምንተኛ ክፍል አቁሜ የቀረውን ከመጽሐፍ እየለቃቀምሁ የሞላሁ ሰው ነኝ። ራሱን ያስተማረ ሰው ሌላውን ማስተማር አይሰለቸውም፤ ቤተሰቤ ይህን መከራዬን ያውቃል። ስለ ውሸት ብዙ መክሬያለሁ፣ ስለ ውሸትም ገርፌያለሁ። በዚያ ክረምት ስለ ዋሸሁት ውሸት ግን ለሚስቴም ተናግሬ አላውቅም። መምከር ከመናዘዝ ይቀላልና።

ያኔ የምንኖረው ባሕር ዳር፣ ዛሬ ፋሲሎ በሚባለው ክፍለ ከተማ፣ ከሐይቁ ብዙ በማይርቅ ሰፈር ነበር። አባቴ መሪጌታ ናቸው፤ አባባ እንላቸዋለን። ደብር ያገለግላሉ፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ግቢያችን ውስጥ ዜማ ያስተምራሉ። ከቅንጭብ አጥራችን ማዶ ጋሽ ተክሉ የሚባል ልብስ ሰፊ ከሚስቱ ከእትዬ ሰናይትና ከአንድ ልጁ ከሚክያስ ጋር ይኖራል። እኔና ሚክያስ በአንድ ዴስክ አምስተኛ ክፍልን ጨርሰናል። ከአጥሩ ሥር ልጅ የሚያሾልክ ቀዳዳ ነበረን፤ በእርሱ ስንሾልክ የቅንጭቡ ወተት ዓይናችን እንዳይገባ ጨፍነን ነበር።

ሰፈሩ እነ ጋሽ ተክሉን "ደም የማይወስዱት" ይላቸዋል። ማተብ አያስሩም፣ ልደት አያከብሩም፣ ሁለት ሁለት እየሆኑ በር እያንኳኩ መጽሐፍ ቅዱስ ያነብባሉ። አባባ ስለ እነርሱ ያወጡልኝ ሕግ አጭር ነበር፦

"ከልጁ ጋር ተጫወት። መጽሐፋቸውን ግን እጅህ እንዳይነካው።"

ጋሽ ተክሉ በደረት ኪሱ ሁልጊዜ የሚይዛት የታጠፈች ወረቀት ነበረችው። አደጋ ቢደርስብኝ ደም እንዳትሰጡኝ የምትል ናት። እኔ ግን ክታብ ትመስለኝ ነበር። ደብተራ ያልጻፈው ክታብ እንዴት ብሎ ይሠራል እያልሁ ስለ እርሱ እሰጋለሁ።

በዚያ ዓመት ከፋሲካ በኋላ ሚክያስ ማነከስ ጀመረ። መጀመሪያ ኳስ የመታው መሰለን። ሰኔ ላይ ከቀኝ ጉልበቱ በላይ የሎሚ ያህል እብጠት ወጣ፤ ሐምሌ ላይ መርገጥ አቃተው። ጠንካራ ልጅ ነበርሁና አዘልሁት። ወደ ሐይቁ፣ ወደ አባቱ ሱቅ፣ ወደ ሽንት ቤት ሳይቀር በጀርባዬ ነበር የሚሄደው። ጀርባዬ ላይ ሆኖ ያፏጫል፣ "ግራ! ቀኝ! ቁም!" እያለ እንደ ሹፌር ያዝዘኛል። ደስ ይለኝ ነበር። ሰው ሲፈልግህ ደስ ይልሃል፤ ደስታው ግን ሁልጊዜ ንጹሕ አይደለም። ይህን ያወቅሁት ቆይቼ ነው።

ሐምሌ ሊያልቅ ሲል ሆስፒታል ስንሄድም ያዘልሁት እኔ ነበርሁ። ከአዲስ አበባ ለጥቂት ወር የመጣ የአጥንት ሐኪም ነበር፤ ቀጭን፣ ድምፁ ዝቅ ያለ ሰው። ጋሽ ተክሉ ገና ከመቀመጡ ወረቀቷን ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። ሐኪሙ አነበባትና መለሰለት።

"ያለ ደም ሥራ ካልኸኝ እሞክራለሁ። እንደዚያ ከሆነ ግን የልጁ የራሱ ደም መሙላት አለበት። አሁን የደሙ ልክ ዘጠኝ ነው። ዐሥራ አንድ አድርጋችሁ አምጡልኝ።"

"ስንት ቀን አለን?"

"ነሐሴ ዐሥራ ሰባት እንለካዋለን። ከሞላ እብጠቱን አወጣለሁ፣ እግሩም ይተርፋል። ጳጉሜን ሲገባ ግን እኔ የለሁም።"

"ባይሞላስ?"

"ባይሞላ ያለ ደም አልነካውም። እብጠቱ ደግሞ ቁጭ ብሎ አይጠብቀንም።"

ከዚያ ሲስተሯ የሚክያስን የታች ዓይን ሽፋን በጣቷ ዝቅ አድርጋ አሳየችን። "አያችሁ? እዚህ ውስጥ ነጭ ሆኗል። ቀይ መሆን ነበረበት። ጉበት፣ ሥጋ፣ እንቁላል አብሉት። ይችን ቀይ ኪኒን ከምግብ ጋር ይውሰድ። ሻይና ቡና ከምግቡ ጋር እንዳትሰጡት፤ መድኃኒቱን ከንቱ ያደርጉታል።"

ሁሉንም ሰማሁ። ዛሬም አልረሳሁትም፤ ስለዚህ አላወቅሁም ነበር ማለት አልችልም።

እትዬ ሰናይት ፋብሪካ በፈረቃ ትሠራለች፣ ጋሽ ተክሉ ሱቅ ይውላል። ወደ ቤት ስንመለስ እትዬ ሰናይት አገጬን ያዘችኝ።

"ይበልጣልዬ፣ ምሳውን አንተ አብላልኝ። ቁጭ ብለህ፣ እስኪውጥ እያየኸው። እሺ?"

"እሺ እትዬ።"

"እንደ ወንድሙ ነው የማይህ።"

በሁለተኛው ቀን ፍልሰታ ገባ። ፍልሰታ በእኛ አገር የሕፃናትም ጾም ነው። እኛ የካህን ልጆች ቅዳሴ እስኪወጣ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ ውኃ እንኳ አንቀምስም፤ ማን ምራቁን እንደዋጠ እንኳ እንተያያለን። የክርስቲያን ሥጋ ቤቶች በሙሉ ተዘጉ። ጋሽ ተክሉ ጉበት ሲያጣ ገበያ ጥግ ወዳለው ሙስሊም ባለ ሥጋ ቤት፣ ወደ ጋሽ ሰዒድ ሄደ። ጋሽ ሰዒድም ለማን እንደሆነ ሲሰማ፣ "የልጁ ድርሻ ሳይነሣ ለማንም አልሸጥም" አለው ይባላል። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየማለዳው በጋዜጣ የተጠቀለለ ጉበት ይመጣል።

እኛ የሙስሊሞችን እርድ አንበላም፣ እነርሱም የእኛን አይበሉም፤ ከተወለድሁ ጀምሮ የማውቀው ይህን ነው። የመጀመሪያው ቀን ረፋድ ላይ በቀዳዳው ሾልኬ ስገባ ሚክያስ የተጠበሰውን ጉበት በሳሕን ጭኑ ላይ ይዞ ተቀምጧል። ሽታው ከበሩ ተቀበለኝ። ስለ ራሴ ጾም አይደለም፤ ስለ እርሱ ፈራሁ።

"ይህን በልተህ ነው ቢላ ሥር የምትተኛ?"

"ምን አለበት?"

"ፍልሰታ እኮ ነው! ሐዋርያት ሁለት ሱባኤ ጾመው የለመኑትን ሁሉ አገኙ። አንተም ሁለት ሱባኤ ብትጾም ትድናለህ። ቀኑ እንኳን ልክ ነው፤ ስንፈታ በማግሥቱ ሆስፒታል ነህ።"

"እኛ ማርያምን አንለምንም፣ ይበልጣል።"

"ዳንኤልንስ?"

"ዳንኤልንም አንለምንም!" ብሎ ሳቀ።

"አትለምነው! ግን የንጉሡን ሥጋ እምቢ ብሎ ጥራጥሬ አልበላም?"

ሚክያስ ሳቁን አቆመ። መጽሐፍ ቅዱስን ከእኔ ይልቅ ያውቀዋል፤ አባቱ በየማታው ያስነብበው ነበርና። ቀስ ብሎ፣ "በልቷል። ዐሥር ቀን ጥራጥሬና ውኃ ብቻ። ፊታቸውም ሥጋ ከሚበሉት ልጆች ይልቅ ወዛ" አለ።

"ታዲያ!"

"ሲስተሯ ግን..."

"ሲስተሯ ዳንኤልን የት ታውቀዋለች?"

እንዲህ ተስማማን። እኔ በማርያም፣ እርሱ በዳንኤል። ሁለት የዐሥራ አንድ ዓመት ሊቃውንት ጉባኤ አድርገን ሐኪም ሻርን። ኪኒኗ መድኃኒት ስለሆነች ትፈቀዳለች፣ ግን ከዘጠኝ ሰዓት በፊት አትወሰድም ብዬ የፈረድሁትም እኔ ነኝ።

እዚህ ላይ ማቆም በቻልሁ። ሁለት ልጆች በየዋህነት ተሳሳቱ ተብሎ ያልፍ ነበር። እውነቱ ግን እንዲህ አይደለም። ሚክያስ ሳሕኑን መልሶ እያየ፣ "እማዬ ታዝናለች፤ ይቅርብኝ" ብሎ ነበር። እኔም፣

"ካልጾምህ አላዝልህም" አልሁት።

በሩን አየ፣ እግሩን አየ፣ ከዚያ ሳሕኑን ሰጠኝ።

ለምን እንዲህ አልሁ? እንዲድን ስለፈለግሁ ነው፤ ይህ አንዱ ነው። ሌላው ግን ከዳነ በኋላ በእኛ እምነት ተጠምቆ፣ ማተብ አስሮ፣ አባባ ፊት ሳቀርበው ይታየኝ ስለነበር ነው። አባባ እጃቸውን ራሴ ላይ ጭነው "አንተ ነህ ያመጣኸው?" ሲሉኝ ይታየኝ ነበር። ጓደኛዬን እየወደድሁት እንደ ዕቃ ለአባቴ ላበረክተው አስቤ ነበር።

ጉበቱን ምን እናድርገው? ውሻ ብንሰጠው ሰው ያያል። ሚክያስን አዝዬ፣ ሳሕኑን በነጠላዬ ሸፍኜ ወደ ሐይቁ ወረድሁ። ነሐሴ ላይ ውኃው ይደፈርሳል፤ ጭቃ ጭቃ፣ የበሰበሰ ደንገል ይሸታል። ድንጋይ ላይ አስቀመጥሁትና ጉበቱን ቁራጭ በቁራጭ ወረወርን። መጀመሪያ ምንም አልመጣም። በሦስተኛው ቀን ግን የሐይቁ ዓሦች፣ አምባዛዎቹ፣ ሰዓቱን ለመዱት። ጥቁር ጀርባቸው ከጭቃው ውኃ ብቅ ሲል፣ ጢማቸው ሲወዛወዝ፣ ሚክያስ ስም ያወጣላቸው ጀመር። ትልቁን "ዶክተር" አለው።

አንድ ቀን ከሰፈር ሁለት ልጆች መንጠቆ ይዘው መጥተው አዩን።

"ኧረ ጉድ! ደም የለሹ ለአምባዛ ግብር ያበላል!"

"እንዲያ ነው፣ ሥጋውን እየለመዱለት ነው፤ ኋላ እርሱን ሊበሉ!"

አንዱን በጭቃ መታሁት፤ ቢናገሩ ጥርሳቸውን እንደማረግፍ በማርያም ስም ማልሁ። አልተናገሩም። ቢናገሩ ምንኛ በተሻለ!

ሚክያስን ቤቱ አድርሼ ቅዳሴ እሄዳለሁ። ስመለስ ከእማዬ ጓዳ የስንዴ ንፍሮና በፔርሙዝ ትኩስ ሻይ ይዤ በቀዳዳው እገባለሁ። አብረን እንፈታለን። ርቦት ስለሚውል ሻዩን በላይ በላዩ ይጠጣል፣ ኪኒኗንም በሻይ ያወርዳታል። ሲስተሯ ስለ ሻይ ያለችው ትዝ ይለኛል፤ ነገር ግን ከጾም ጋር ሲመዘን ሻይ ምን አላት አልሁ።

ከዚያ ደሙን "እለካለሁ።" እንደ ሲስተሯ የታች ሽፋኑን በአውራ ጣቴ ዝቅ አድርጌ አያለሁ። በየቀኑ ቀይ ነበር።

"ቀልቷል! ከትናንቱ ይበልጥ ቀልቷል!"

"እውነት?"

"በማርያም! ዐሥራ አንድ ሳይገባ አልቀረም።"

ክረምት ነው፣ እንጨቱ እርጥብ ነው፣ ቤታቸው አንድ ክፍል ነው። ሚክያስ ቀኑን ሙሉ ከምድጃው አጠገብ ተኝቶ ጭስ ሲጠጣ ይውላል። ዓይኑ የቀላው በጭሱ ነበር። የእኔም ዓይን ያኔ ቢታይ እንደዚያው በቀላ።

ማታ እትዬ ሰናይት ስትመለስ ከአጥሩ ማዶ እሰማለሁ።

"እንቁላል ጠበስሁልህ፣ እንካ እስቲ።"

"ጠግቤያለሁ እማዬ። ይበልጣል ብዙ አበላኝ።"

"ይባርከው! እንግዲያው ሽሮዋን ቅመስ።"

ስሜን በሐሰት ላይ አስቀምጦ የእኔን ጾም ይጾምልኛል። እርሷም በየማታው ትመርቀኛለች።

በዐሥረኛው ቀን ወደ ሐይቁ ስንወርድ ራሱን ትከሻዬ ላይ ጣለ። ማፏጨትና ማዘዝ ከተወ ቀናት አልፈውት ነበር። ጀርባዬ ላይ ቀልሎብኛል፤ እኔ ግን እርሱ የቀለለ ሳይሆን እኔ የበረታሁ መስሎኝ ነበር።

"ይበልጣል፣ ምድሩ ይዞራል።"

"ዳንኤልም ዐሥረኛው ቀን ላይ ነበር። ታገሥ።"

ድንጋዩ ላይ ሳስቀምጠው ሳሕኑን አየ። በዚያ ቀን እትዬ ሰናይት ከጉበቱ ጋር አንድ የተቀቀለ እንቁላል ጨምራ ነበር።

"እንቁላሉን ብቻ ልብላው?" አለ። "ጉበቱን ተወው። እንቁላሉን ብቻ።"

አሁን እንኳ ስጽፈው ድምፁ ይሰማኛል። እየለመነኝ ነበር። የራሱ እናት የቀቀለችለትን እንቁላል እኔን እየለመነ ነበር።

"አምስት ቀን ነው የቀረው። አሁን ብታፈርስ የጾምኸው ሁሉ ከንቱ ነው" አልሁትና እንቁላሉን ወረወርሁት። ዶክተር ያልነው አምባዛ ዋጠው።

ነሐሴ ዐሥራ ሰባት ጠዋት ሆስፒታል ገባን። ሐኪሙ ወረቀቱን አየ፣ ገለበጠው፣ እንደገና አየ።

"ስምንት ተኩል። ወርዷል።"

እትዬ ሰናይት አፏን በእጇ ያዘች። ጋሽ ተክሉ፣ "እንዴት ይሆናል? በየቀኑ ጉበት..." ብሎ አቆመ።

ሐኪሙ ወንበሩን ሳብ አድርጎ ተቀመጠ። "በደንብ ንገሩኝ። ይህ ልጅ ይበላ ነበር ወይስ አይበላም? ሳይበላ ቀርቶ ከሆነ ችግር የለውም፤ እዚሁ አስተኝተን እናበላዋለን፣ ሳልሄድ በፊት ሁለት ሳምንት አለኝ፣ እንደገና እንሞክራለን። እየበላ ከወረደ ግን ደሙን የሚጨርሰው ሌላ ነገር ነው፣ መጠበቅ ትርጉም የለውም።"

"ምሳውን የሚያበላው ይህ ልጅ ነው" አለች እትዬ ሰናይት። "እርሱን ጠይቁት።"

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

"በልቷል ወይ፣ ጎበዝ? እውነቱን" አለኝ ሐኪሙ።

የተጠየቅሁት ነገር ትንሽ ነበር። ሐኪሙ እንዳይፈራኝ ብሎ ድምፁን ሁሉ ዝቅ አድርጎ ነበር። ከአፌ የሚወጣው አንድ ቃል ሁለት ሳምንት ለሚክያስ ይሰጥ ነበር። እኔ ግን ያየሁት ሁለቱን ሳምንት አይደለም፤ የእትዬ ሰናይትን ፊት ነው፣ የአባባን አለንጋ ነው።

"አዎ። በየቀኑ በልቷል" አልሁ።

ሐኪሙ ወደ ሚክያስ ዞረ። ሚክያስ ጥቂት ጊዜ አየኝ። ዓይኑ ውስጥ ቁጣ ብፈልግ አጣሁ።

"በልቻለሁ" አለ።

ሐኪሙም አመነን። ልጅ አይዋሽም ይላሉ ብዙ ሰዎች፤ እኔ ልጆቼን የማላምናቸው ለዚህ ይሆን እላለሁ አንዳንዴ።

"እንግዲያው አንድ መንገድ ነው ያለን" አለ። "ደም ፍቀዱልኝ፣ ነገ እሠራዋለሁ።"

ጋሽ ተክሉ አልፈቀደም። አልጮኸም፣ አልተከራከረም። "አልችልም" ብሎ ወደ ኮሪደሩ ወጣና አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ ትከሻው እየተንቀጠቀጠ አለቀሰ። ትልቅ ሰው ሲያለቅስ አይቼ ስለማላውቅ መጀመሪያ የሚስቅ መስሎኝ ነበር።

ወሬው ሰፈር ደረሰ። ከሰዓት በኋላ አባባ ከደብር በቀጥታ ሆስፒታል መጡ፤ ጥምጥማቸው እርጥብ፣ ጫማቸው በጭቃ የተለወሰ ነበር። ሐኪሙን ኮሪደሩ ላይ አቆሙትና ቀኝ እጅጌያቸውን እስከ ክርናቸው ሰበሰቡ።

"ከእኔ ቅዱ። ሰባት ልጅ ያሳደገ ደም ነው፣ ለአንድ ብላቴና አያንስም።"

ጋሽ ተክሉ ከአግዳሚው ተነሣ። "መሪጌታ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ይህን ውለታ አልረሳም። ደሙን ግን አልቀበልም።"

"ለምን? የእኔ ደም ርኩስ ነው?"

"እንዴት እንዲህ ይላሉ? ደም የፈጣሪ ነው ብለን እናምናለን። የማንም ይሁን የማን።"

"ፈጣሪ የልጅህን እግር ነው ወይ የሚፈልገው፣ አንተ ሰው?"

ጋሽ ተክሉ ዓይኑን ጠረገ። "መሪጌታ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ይህ ልጅዎ ታሞ፣ ሐኪሙ 'ማተብዎን በጥሰው ይርገጡ፣ ያን ጊዜ አድነዋለሁ' ቢልዎ፣ ያደርጉታል?"

አባባ ክንዳቸው እንደተገለጠ፣ ደም ሥሩ ተገትሮ እያየሁት ቆሙ። እኔ በሁለቱ መካከል ነበርሁ። ሁለት ታማኝ ሰዎች ስለ አምላካቸው ይጨነቃሉ፤ ለሁለቱም መልሱን የያዝሁት እኔ፣ ግድግዳው ላይ የተላጠውን ቀለም በጥፍሬ እፍቃለሁ።

"አላውቅም" አሉ በመጨረሻ፣ እጅጌያቸውን ቀስ ብለው እያወረዱ። አባባ ስለ ሃይማኖት ተጠይቀው አላውቅም ሲሉ ከዚያ በፊት ሰምቼ አላውቅም።

ከዚያ በኋላ ሰፈሩ ጋሽ ተክሉን ፈረደበት። ሱቁ በር ላይ ሴቶች "ልጁን ለወረቀት የሸጠ" እያሉ ያልፋሉ። ሱሪ ሊያሰፋ የሰጠ ሰው ሳይሰፋ መልሶ ወሰደ። ጋሽ ሰዒድ ብቻ ጉበት መላኩን አላቋረጠም። ሚክያስም ያን ጊዜ ጾሙ ተፈትቶ ነበርና ይበላ ጀመር፤ ነገር ግን እንደገና የሚለካው አልነበረም። ምን ይለካል? እየበላ ነው የወረደው ተብሎ ተጽፏል።

አንድ ቀን ብቻችንን ሳለን፣ "ልንገራቸው?" አልሁት። ከልቤ አልነበረም፤ እርሱም ያውቃል።

"አባዬ ቢሰማ እንደ ዋሸሁት ያውቃል" አለ። "እማዬም አንተን ትጠላሃለች። ማን ያዝለኛል ታዲያ?"

ይህን ሰበብ አድርጌ ያዝሁት። ልጁ አትናገር አለኝ ብዬ ለብዙ ጊዜ ራሴን አታልያለሁ። ያለው ግን አትናገር አይደለም። የፈራው ብቻውን መቅረትን ነው፤ ፍርሃቱን ያስተማርሁትም እኔ ነኝ፣ ካልጾምህ አላዝልህም ባልሁት ቀን።

ጳጉሜን ውስጥ ሐኪሙ ሄደ፣ እነ ጋሽ ተክሉም ሌላ ሐኪም ፍለጋ ወደ አዲስ አበባ ሊሄዱ ዕቃቸውን ሸጡ። ማለዳ አውቶቡስ ተራ ድረስ ያዘልሁት እኔ ነኝ። ወንበሩ ላይ ሳስቀምጠው እጁን ከአንገቴ ቶሎ አላነሣም። ጋሽ ተክሉ ወደ ጎን ጠራኝና በወረቀት የተጠቀለለ ነገር ሰጠኝ። የትምህርት ቤት ሱሪ ነበር፣ ካኪ፣ ኪሱ በድርብ ክር የተሰፋ። ልኬን መቼ እንደወሰደ አላውቅም፤ በዓይኑ ይሆናል።

"ልጄን ስላበላህልኝ ነው" አለ። "የእኛ ወገን ሳትሆን ያልራቅኸን አንተ ብቻ ነህ። እግዚአብሔር አይርሳህ።"

ተቀበልሁት። ጉልበቴን ሸብረክ አድርጌ፣ በሁለት እጄ፣ እንዳስተማሩኝ በጨዋ ደንብ ተቀበልሁት። ለዘመን መለወጫ ለበስሁት። እማዬ "እንዴት ልክህ ሆነ!" አለች።

ደብዳቤው የመጣው ኅዳር ላይ ነው፣ በስሜ፣ በሚክያስ የተጣመመ ጽሕፈት። አባባ የእነርሱ መጽሐፍ እንዳይሆን ብለው ቀድመው ከፈቱትና መደብ ላይ ተቀምጠው ጮክ ብለው አነበቡልኝ። አዲስ አበባ አንድ ሐኪም ያለ ደም ሊሠራው ተቀበለው። ጉበትና ቀይ ኪኒን ብቻ እየበላ በሰባት ሳምንት ደሙ ዐሥራ ሁለት ገባ። ነገር ግን እብጠቱ በዚህ መካከል ወደ አጥንቱ ውስጥ ዘልቆ ስለነበር እግሩን ከጉልበቱ በላይ ቆረጡት። አሁን አያመውም። በክራንች መሄድ ለምዷል። "ስድስተኛ ክፍል ገባህ? በእኔ ቦታ ማን ተቀመጠ?" ይላል። ስለ ጾሙ አንድ ቃል የለም።

ስለ ሰባቱ ሳምንት የሚለውን አባባ አንብበው አለፉት። እኔ አላለፍሁትም። እስካሁንም አላለፍሁትም። ቢበላ ደሙ ይሞላ ነበር ማለት ነው።

አባባ ደብዳቤውን አጥፈው መደቡ ላይ አኖሩት። ከዚያ፣ እንደ ልጅ ሳይሆን እንደ ሰው እያዩኝ፣ "ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰውየው የጠየቀኝን ስመረምር ነበር" አሉ። "ማታ ማታ እንኳ እንቅልፍ ነሥቶኛል። ይህ ሰው ከእኔ ይበልጥ አምላኩን የሚፈራ ይሆን? እኔ ይሆን የተሳሳትሁ? እያልሁ። አሁን ግን በልጁ እግር ተፈረደ። እግሩን ያስቆረጠው የአባቱ ግትርነት ነው።"

ከዚያ ጠየቁኝ። አባባ እኔን አስተያየት ጠይቀውኝ አያውቁም ነበር።

"አይደለም ወይ፣ ይበልጣል? አንተ ከእነርሱ ጋር ነበርህ።"

ዓይናቸው ውስጥ ጥያቄው እውነተኛ ነበር። ብነግራቸው ይመቱኝ ነበር፤ ከዚያ ግን ተነሥተው ለጋሽ ተክሉ ይጽፉ ነበር፣ አውቃቸዋለሁ። ይቅርታ ይጠይቁት ነበር። ሰፈሩንም ሰብስበው ይናገሩ ነበር።

"ነው፣ አባባ" አልሁ።